እስከሚመጣው የካቲት እንዳንሞት ስለተሰጠን መመሪያ

ቁጥር፦ ማኅተም ስለሌለኝ አልሰጠሁትም
ቀን፦ ሚያዝያ፣ ከገበያ ማግስት

ለምንጭ ዳር ሰፈር መረዳጃ እድር ሊቀመንበር
ለተከበሩ አቶ ይኸነው
እንጅባራ

የተከበሩ ሊቀመንበር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎን የሚቆረጥምዎ ብርድ እንደለቀቀዎ፣ የደም ግፊትዎም በልኩ እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። ስለ እኔ የሚያስቡ ከሆነ፣ ባስተላለፉልኝ መመሪያ መሠረት እስካሁን በሕይወት አለሁ።

ይህን ደብዳቤ በእድራችን የቴሌግራም ቡድን ብልክልዎ ይቀለኝ ነበር። ዳሩ ግን ገና ባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ ሳልደርስ ከቡድኑ ስለተሰናበትኩ፣ በሰፈራችን ወፍጮ ቤት በር ላይ ለመለጠፍ ተገድጃለሁ። እህል የማያስፈጭ የእድር አባል ስለሌለ ለሁሉም ይደርሳል። እርስዎም ቆመው ለማንበብ ከተቸገሩ የወፍጮው ባለቤት በርጩማ እንዲያወጣልዎ ነግሬዋለሁ።

ነገሩን ለማያውቅ አስፈጪ በአጭሩ ላስረዳ። እኔ እህተማርያም በዚችው ከተማ ሠላሳ ዓመት ባዮሎጂ ያስተማርኩ መምህርት ነኝ። ዘንድሮ ሃምሳ አምስት ዓመት ስለሞላኝ፣ ጠመኔው ሳምባዬን ሳይጨርሰው ቀደም ብዬ ጡረታ ልውጣ ብዬ አሰብኩ። ልጄ ዮርዳኖስ ሩዋንዳ፣ ኪጋሊ ከተማ ባልና ሥራ ይዛ ስለምትኖር፣ መጥቼ ጡረታዬን እዚያ እንድበላ ዘወትር ትወተውተኝ ነበር። እኔ ደግሞ ተማሪዎቼን «ሳትሞክሩ አትደምድሙ» ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ ያለ ደመወዝ የሦስት ወር ፈቃድ ወስጄ፣ እናቴን ወይዘሮ ሙሉነሽን አዲስ ቅዳም ከተማ ወንድሜ አቶ ወገኔ ዘንድ አድርሼ፣ የዚያን አገር የዘወትር ኑሮ እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ ነዋሪ ልሞክረውና ከዚያ በኋላ ልወስን ተነሣሁ። ጥፋቴ ይኸው ነው። በእኛ ከተማ ሰው ወይ ይሄዳል ወይ ይቀራል፤ ሊሞክር የሄደ ሰው ከዚህ ቀደም አልታየም።

አሁን በእርስዎ አመራር የተደረገልኝን ውለታ በቅደም ተከተል ላቅርብ።

1ኛ. ስለ ሽኝቴ። ለሦስት ወር የሚሄድን ሰው በጸሎት ብቻ መሸኘት ሲቻል፣ እርስዎ ሙክት አሳርደው፣ የእድሩን ድንኳን ግቢዬ ውስጥ አስተክለው፣ ሰፈሩን ሁሉ ጠርተው ሸኙኝ። በዚያ ድንኳን ሥር የሚመሰገን ሰው አብዛኛውን ጊዜ ምስጋናውን አይሰማም፤ እኔ ግን ወንበር ተሰጥቶኝ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አዳመጥኩ። ስለ ደግነቴ ተናገሩ፣ ልጅዎን አሳምነውን አስተምሬ ለወግ ለማዕረግ ስለማብቃቴ ተናገሩ፣ ቦታዬን የሚተካ እንደማይገኝ ሲናገሩማ ዕንባዎ ወረደ። ከንግግርዎ የጎደለው «ነፍስ ይማር» የሚለው ብቻ ነበር። ከዚያም ጋቢ ተደረበልኝ፤ በመስተዋት ፍሬም የገባ ትልቅ ፎቶግራፌም ተበረከተልኝ። ለመሰናበት የመጣችው እናቴ ፎቶግራፉን ብዙ አገላብጣ ካየች በኋላ፣ «ልጄ፣ ይኼን የሚያወጡት ለአርባ አልነበረም እንዴ?» ስትል ጠየቀችኝ።

እኔም ተነሥቼ፣ የምሄደው ለሦስት ወር ብቻ እንደሆነና ጥር ላይ እንደምመለስ በማያሻማ ቋንቋ ተናገርኩ። ሞቅ ያለ ጭብጨባ ተደረገልኝ። ጎረቤቴ ወርቅነሽ ዕንባዋን እየጠረገች «ሁሉም እንዲህ እያለ ነው የሚሄደው» አለች፤ እርስዎም ራስዎን በሐዘን ነቀነቁ። ሙክቱ ተበልቶ ስላለቀ እንደገና ለማስረዳት አልተመቸኝም።

ስለ ሙከራው ውጤት እስካሁን አንድም ሰው ስላልጠየቀኝ፣ እዚህ ላይ ሳልጠየቅ ልናገር። ኪጋሊ ውስጥ ከልጄ ቤት ሌላ ኮረብታ ላይ አንዲት ክፍል ለብቻዬ ተከራየሁ። የመብራት ካርዴን ራሴ አስሞላሁ፣ ሙዝና ባቄላ በእጅ ምልክት ተከራክሬ ገዛሁ፣ በዚህ ዕድሜዬ የራስ ቁር ደፍቼ በሞተር ሳይክል ታክሲ ኋላ ተፈናጠጥኩ። ጥርሴን ሲያመኝም ለልጄ ሳልነግር ሐኪም ቤት ሄጄ ወረፋ ያዝኩ፤ ጡረታ የሚበላበት አገር በጥርስ ሕመም ቀን መታየት አለበት ብዬ አምናለሁና። በወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ሰፈርተኛው ሁሉ ወጥቶ መንገዱንና ቦዩን ያጸዳል። እኔም አንዲት ጎረቤቴ ባዋሰችኝ መቆፈሪያ አብሬ ስቆፍር አረፈድኩ። ሥራው ሲያልቅ የሰፈሩ አለቃ ስሜን ጠየቀኝና፣ ለመጥራት እየተንተባተበ፣ ለተሰበሰበው ሰው ሁሉ አስተዋወቀኝ። በማግስቱ ጉንፋን ጥሎኝ ብውል ያችው ሴትዮ ባቄላ ቀቅላ ይዛልኝ መጣች። ደንባቸው አዲስ ሰው አንድ ዓመት ይጠብቅ አይልም መሰለኝ።

አገሩ ጥሩ ነው፤ አልዋሽም። የከበደኝ ሌላ ነገር ነው። ቋንቋቸውን ስለማላውቅ ሦስት ወር ሙሉ ፈገግ ብቻ ስል ከረምኩ። ሠላሳ ዓመት በምላሷ ያደረች ሴት አንዲት ቀልድ እንኳ መናገር ሲያቅታት ሆዷ ይባባል፤ የእኔም ባባ። እርስዎን የመሰለ ትልቅ ሰው እዚያ ቢያጋጥመኝ እንዲህ አድርጌ የማመሰግንበት አንደበት አልነበረኝም። ስለዚህ ልጄን ስሜ፣ ጡረታዬን ከእናቴ ጋር እዚሁ በእንጅባራ ብርድ ለመብላት ወስኜ ተመለስኩ።

2ኛ. ስለ አቀባበሌ። ባልኩት ጊዜ፣ በጥር፣ የፈረስ በዓሉ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ከሚኒባስ ወረድኩ። ከተማው በተሸለሙ ፈረሶች ተሞልቶ ስለነበር ለአፍታ ለእኔ የወጣ አጀብ መስሎኝ ነበር። አልነበረም። በማግስቱ ግን ሰፈርተኛው ተራ በተራ እየመጣ ያጽናናኝ ጀመር። ገሚሱ ተባርራ ነው አለ፤ ገሚሱ ከአማቿ ተጣልታ ነው አለ፤ የተረፈው ደግሞ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ብሎ ፈረደ። ወርቅነሽ ምስር ወጥ ይዛ መጥታ፣ እጄን ጨብጣ፣ «አይዞሽ እህቴ፣ ያልፋል» ስትለኝ ምኑ እንደሚያልፍ ባላውቅም «አሜን» አልኩ። እርስዎ በበኩልዎ ገበያው አጠገብ ሲያዩኝ መንገድ አቋርጠው ወደ ማዶ ተሻገሩ። በክብር ከተሸኘ ሰው ጋር እንዴት ሰላምታ እንደሚለዋወጡ ደንቡ ስለማይገልጽ፣ ከስሕተት ለመጠንቀቅ ያደረጉት መሆኑን ተረድቼልዎታለሁ።

3ኛ. ስለ ውሳኔው። የካቲት ላይ ወደ ቦታዬ እንድመለስ ባመለክት ከኮሚቴው ጋር መክረው የሰጡኝን መልስ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። የተሸኘ አባል ተሸኝቷል፤ ሽኝት የሚሻርበት አንቀጽ የለንም፤ እንደ አዲስ ትመዝገብ፤ አዲስ አባልና ቤተሰቡ ደግሞ አገልግሎት የሚያገኙት አንድ ዓመት ሲሞላቸው ነው። በሌላ አነጋገር፣ እኔና እናቴ እስከሚመጣው የካቲት ድረስ እንዳንሞት በአክብሮት ተጠይቀናል። ለዚህ ከልብ አመሰግናለሁ። እስካሁን ያየኋቸው ሐኪሞች ሁሉ ስለ ዕድሜዬ ምንም ዓይነት ማረጋገጫ ለመስጠት ይፈሩ ነበር፤ እርስዎ ግን ሳይመረምሩኝ አንድ ዓመት ፈቀዱልኝ።

4ኛ. ስለ ዕቃ ቤቱ። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሮቹና ትልልቆቹ ብረት ድስቶች ለብዙ ዓመታት የተቀመጡት እኔ ጓሮ ባለው ዕቃ ቤት መሆኑን የማያውቅ የለም፤ አገር ያወቀው ፀሐይ የሞቀው ነገር ነው። ከሰው መዝገብ ስሰረዝ ከዕቃ ቤት ኃላፊነትም መሰረዝ እንዳለብኝ ማንም ያስታወሰ አልነበረም። ባለፈው ወር በታች ሰፈር ሰው ባረፈ ጊዜ፣ ድንኳኑን ሊወስዱ የመጡት የእድሩ ሰዎች ጎሕ ሳይቀድ በሬን አንኳኩ። ከፈትኩላቸው፤ ድስቱንም አብሬ ተሸከምኩ። ይህን የምጽፈው በሬን እዘጋለሁ ብዬ ላስፈራራዎ አይደለም፤ ለማንም ሬሳ በሬን አልዘጋም። ደንብ አክባሪ በመሆንዎ ብቻ፣ አባል ያልሆነ ሰው የእድር ንብረት መያዙ እንቅልፍ እንዳይነሣዎ ሰግቼ ነው።

የተከበሩ ሊቀመንበር ሆይ፣ እስካሁን የዘረዘርኩትን ሁሉ እንደ ቀልድ ላልፈው እችል ነበር። የማላልፈው የእናቴን ነገር ነው።

እናቴ ሰማንያ ስምንት ዓመቷ ነው። ከጾሙ አጋማሽ ጀምሮ ከአልጋ አልተነሣችም፤ ሐኪሙም የፈለገችውን አብሏት ብሎ መልሶናል፤ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ። በዚህ ሰፈር ሰው ሲሞት ሙሾ የምታወርደው እርሷ ነበረች። ለአማርኛ ተናጋሪው በአማርኛ፣ ለአገው ዘመድ በአውንጊ፣ ሁለቱም ለተቀላቀሉበት ቤት በሁለቱም ታለቅሳለች። አባትዎ ባረፉ ጊዜ እርስዎ አፍዎ ተሳስሮ ቆመው ሳሉ፣ የአባትዎን እርሻ፣ የአባትዎን ፈረስ፣ የአባትዎን ፍርድ እየጠራች ሰዉን ሁሉ ያስለቀሰች እርሷ ናት። ይህች ሴት ብትሞት ድንኳን የሚተከልላት የለም ማለት ነው። ይህ አሳዝኖኛል፤ በጨዋ ቋንቋ ልሸፍነው ብሞክርም አልተሸፈነልኝም።

ውሳኔዎን ላለመንገር ብጠነቀቅም ወርቅነሽ በአዘኔታ ነገረቻት። እናቴም፣ «መታመምስ ይፈቀድልኛል ወይ? ጠይቂልኝ» አለች። ቀጥላ በአውንጊ የተናገረችውን ለእርስዎ ካለኝ አክብሮት የተነሣ አልተረጉመውም። ከዚያ ወዲህ አልጋ ላይ ሆና ጊዜዋን በከንቱ አታሳልፍም፤ ለእርስዎ የሚሆን ሙሾ ለክፉም ለደጉም ብላ እያዘጋጀች ነው። ስንኞቹን ሰምቻቸዋለሁ፤ እርስዎ ለመስማት የማይታደሉ መሆንዎ ያሳዝናል።

እንግዲህ ልመናዬ አንድ ነው። የእኔ ስም ይቆይ። እኔ መምህርት ስለሆንኩ ትእዛዝ አከብራለሁ፤ እስከሚመጣው የካቲት ላለመሞት የተቻለኝን ሁሉ አደርጋለሁ። የእናቴን ስም ግን ዛሬውኑ ወደ ቦታው ይመልሱልኝ። እርሷ ኪጋሊም አልሄደችም፤ አዲስ ቅዳም ልጇ ዘንድ ሦስት ወር ከረመች እንጂ ማንም አልሸኛትም፤ ሙክትም አልታረደላትም። እንዳትሞት ላዝዛትም አልችልም፤ ሰማንያ ስምንት ዓመት ሙሉ ማንም አዝዟት አያውቅም። ኮሚቴው እስኪሰበሰብ ትጠብቀናለች ብዬም ቃል አልሰጥም። የውጭ አገር ኑሮ ልፈትን ሄጄ የሰፈሬን ሰው ፈትኜ ተመልሻለሁ፤ ውጤቱን ለመለጠፍ ግን መልስዎን እጠብቃለሁ።

ለድካምዎ፣ ለዕንባዎ፣ ለፎቶግራፉና ለተፈቀደልኝ ዕድሜ ያለኝ ምስጋና ወሰን የለውም። ማኅተምዎ አይድረቅ፤ ደንብዎ አይጉደል፤ መንገድ ሲሻገሩም ባጃጅ ይጠንቀቁ።

በሕይወት ለመቆየት ግዴታ የገባሁት፣
እህተማርያም
የቀድሞ አባል፣ የአሁን ዕቃ ቤት ጠባቂ

ግልባጭ፦
ለወፍጮ ቤቱ በር
ለወርቅነሽ (ለማሰራጨት)
ለእናቴ (ጮክ ተብሎ የሚነበብላት)

ከፊርማ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ልጅዎ አሳምነው ከካናዳ የግብዣ ወረቀት ልኮልዎ፣ ክረምቱ ሳይገባ ሊጠይቁት እንደሚሄዱ እዚሁ ወፍጮ ቤት ሰማሁ፤ እንኳን ደስ አለዎ። ምንም እንዳያስቡ፣ ሽኝትዎን እኔ ይዤዋለሁ። ሙክቱ ታይቷል፤ ድንኳኑ እንደሚያውቁት ጓሮዬ ነው፤ ፎቶግራፍዎም ባሕር ዳር ተልኮ በትልቁ እየተሠራ ነው። በዕለቱ ተነሥተው የሚሄዱት ለሦስት ወር ብቻ እንደሆነ ሲናገሩ፣ ከሁሉ ቀድሜ የማጨበጭብልዎ እኔ ነኝ። ከተመለሱ በኋላ ግን አደራ፣ ለአንድ ዓመት እንዳይሞቱብን።