ከጎሬ ወደ መቱ ስለ ወረደው የመጸዳጃ ቤት ብርሃን

ለተከበሩ ጓድ ጅራታ ደበሳ
የመቱ አርአያ መጸዳጃ ቤት ኮሚቴ ሊቀ መንበር

እርስዎ፣ ቤተሰብዎና ኮሚቴዎ ጤናችሁ እንዴት ሰንብቷል? እኔ የጎሬው አናጢ አምባዬ ወልደ የሱስ ከቅናት በስተቀር ሌላ ሕመም የለብኝም።

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። አምና በቀበሌያችን፣ ዐመድና የቡና ገለፈት እየተነሰነሰበት ዓይነ ምድሩ ለችግኝ ማዳበሪያ የሚሆን መጸዳጃ ቤት ሠራን። ሕዝቡ ግን ሸሸው። ጎረቤቴ እትዬ ዲሪቤ አንድ ጊዜ ገብተው በነጠላቸው አፍንጫቸውን ይዘው ወጡና «አምባዬ፣ የሰው ጉድ ቁልቁል እያየሁ እንዴት ልቀመጥ?» አሉኝ። ሦስት ሳምንት አሰብኩ። ፀሐይ ላይ የቆመ ሰው ወደ ቤት ውስጥ ሲመለከት ጨለማ ብቻ እንደሚታየው ልብ አልኩ። ስለዚህ ጣሪያውን ቀድጄ ብርሃን የሚያስገባ ሁለት የመስኮት መስተዋት ገጠምኩ፤ ግድግዳውንና ወለሉን ኖራ ቀባሁ፤ የቀዳዳውን ውስጥ ደግሞ በተቀጠቀጠ የባትሪ ድንጋይ አጠቆርኩት። ዓይን በብርሃኑ ሲሞላ ከታች ያለው ነገር ጠፋ። እትዬ ዲሪቤ እንግዳ ይዘው መምጣት ጀመሩ።

አንደኛ፣ እርስዎ ለጉብኝት መጥተው «ጋሼ አምባዬ፣ ይህማ ለሀገር የሚተርፍ ነው!» ስላሉኝና ሁለቱን መስተዋት «ለናሙና» አስነቅለው ስለወሰዱልኝ አመሰግናለሁ። ሀገር ሲባል ጎሬ የሌለችበት መሆኑን አላወቅሁም ነበር። የተቀደደውን ጣሪያ ለዝናቡ ብለን በቆርቆሮ ደፈንነው። አሁን ሰው የእጅ ባትሪ ይዞ ይገባል፤ ባትሪው ደግሞ መታየት የሌለበትን ነገር ብቻ አጥርቶ ያሳያል።

ሁለተኛ፣ በመቱ መጸዳጃ ቤት ምረቃ ላይ የብርሃኑ ፈልሳፊ ተብለው ምስክር ወረቀት የተቀበሉት ጸሐፊዎ ጓድ ምንዳዬ መሆናቸውን ሰምቼ ደስታዬ ወሰን አጣ። እኔን ሦስት ሳምንት የፈጀብኝን ነገር እሳቸው መስተዋቱ ሲነቀል መሰላል ይዘውልኝ በቆሙባት ግማሽ ሰዓት ፈለሰፉት።

ሦስተኛውን የምጽፈው ሳልወድ ነው። ባለቤቴ ሽብሬ እህቷ ወልዳ ልትጠይቅ መቱ ሄደች። ስትመለስ ስለ ሕፃኑ ሳይሆን ስለ መጸዳጃ ቤታችሁ አወራችልኝ። በማግስቱ ማልጄ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። የሄድኩት እንከን ፍለጋ መሆኑን አልደብቅዎትም። ገባሁ፣ ቆለፍኩ። መስተዋቱ አራት ሆኗል። ቁልቁል አየሁ፣ አጎንብሼ አየሁ፣ በእጄ ከልዬ አየሁ፤ ምንም የለም! ከእኔው የተሻለ ነው። እዚያው ተቀምጬ ቀረሁ። ዘበኛው «ጋሼ፣ ሰላም ነዎት? ሰው ተሰልፏል!» እያለ ሲያንኳኳ «ሰላም አይደለሁም» አልኩት፤ እውነቴን ነበር። የክፍለ ሀገሩ ቢሮዎች ሁሉ ከጎሬ ወደ መቱ ሲወርዱ እንኳ እንዲያ አልከፋኝም።

ከዚያ በኋላ መስተዋቶቼና ስሜ እንዲመለሱልኝ ላቀረብኩት ማመልከቻ «ጥያቄዎ ከግል ስሜት የመነጨ ነው» የሚል መልስ ስለላኩልኝም ምስጋናዬ የላቀ ነው። ከግል ስሜት ነው፣ አልተሳሳቱም። ባለፈው እሑድ የመኝታ ቤቴን መስኮት መስተዋት ነቅዬ የመጸዳጃ ቤታችን ጣሪያ ላይ ገጠምኩት። መስኮቱን በሳንቃ መታሁት። ሽብሬ ለሁለት ቀን አኮረፈችኝ፤ በሦስተኛው ቀን ራሷ ኖራውን አደሰችልኝ። እትዬ ዲሪቤም ባትሪያቸውን ቤት ትተው መጡ።

ለኮሚቴዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለምረቃዎቻችሁም ደመና የሌለበት ቀን እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

አምባዬ ወልደ የሱስ፣ አናጢ
ጎሬ፣ ኅዳር 12 ቀን 1974 ዓ.ም.

ግልባጭ፦ በጎሬ ገበያ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለሚያነብ ሁሉ

ማሳሰቢያ፦ መቱ በመጣሁበት ቀን ከመመለሴ በፊት ወደ መጸዳጃ ቤታችሁ ጓሮ ዞር ብዬ ነበር። ብስባሹ የሚወጣበትን የኋላ በር ለምረቃው ገጽታ ብላችሁ በግንብ ደፍናችሁታል። ጉድጓዱ እየሞላ ነው። ወለሉ ላይ ሲደርስ አራት መስተዋት ቀርቶ አርባም አይሸፍነውም። ያን ጊዜ እኔን አይጥሩ፤ ጓድ ምንዳዬን ይጥሩ፣ ምስክር ወረቀቱ በእጃቸው ነው።