ከሳህኖችህ ሥር ያለው ቢት

ጌታው፣

እትዬ አከራያችን የተቃጠለውን የኩሽና ጠረጴዛ ሊያዩ ቀትር ላይ ይመጣሉ። ድስትህ ነው ያቃጠለው ብያቸዋለሁ።
ሳይደርሱ የጠረጴዛውን ሰው ሠራሽ እብነበረድ ፈተህ በሲኤንሲ መቅረጫ ማሽንህ ላገው።

ከማሽኑ መቁረጫ ጥርሶች ቀጭኑን ቢት እንዳትነካው፤ እንደ ታረሰ ማሳ መስመር በመስመር ያደርገዋል።
ቺፕውድ ስትቆርጥ ያደነዝከው ደግሞ ከመላግ ይልቅ ያቀልጠዋል። ስለሱ ዛሬ አንነጋገርም።
አፉ ሰፊና ጠፍጣፋ የሆነውን አዲሱን ግጠም፤ በአንድ ዙር ከግማሽ ሚሊሜትር ጥልቀት እንዳታልፍ።
እጅህ ደርሶበት የማያውቅ ቦታ ደብቄዋለሁ፦ ካልታጠቡት ሳህኖችህ ሥር።

ሳህኖቹን ስታነሳ የተቃጠለውን ታየዋለህ።
ድስት እንደዚያ ሹል አፍንጫ የለውም።
ካውያውን ይዤው ወጥቻለሁ።

ስተኩስ የነበረው ያንተን ሸሚዝ ነው። በሩ ላይ ሰቅዬልሃለሁ።