ለመውሊድ የጠራሁት እንግዳ

ከሚሴ፣ ማክሰኞ ታኅሣሥ 5 ቀን 2008

ለመውሊድ ጎብኚ እንዲመጣ ብዬ ከከተማው ወጣ ባለ መንደር ያለውን የጥንት መስጊድ ፎቶ በፖስተር አሳትሜ ደሴና አዲስ አበባ በሚሄዱ ሚኒባሶች ላይ አስለጥፌያለሁ። «ኑ፣ እንግዶቻችን ናችሁ» የሚለውን የጻፍኩት እኔው ነኝ። እዚያ መንደር ለመውሊድ የመጣ ሰው ሳይበላ እንደማይሸኝ፣ ዘንድሮ ደግሞ ማሽላው እንዳልያዘ እያወቅሁ።

ዛሬ የመስጊዱ ሼህ እኔ የምሠራበት የቱሪዝም ቢሮ ድረስ መጡ። ሊቆጡኝ መስሎኝ ነበር።

«ልጄ፣ ስንት ሰው ጠራህ?» አሉኝ።

«አላውቅም ሼህዬ።»

«እንዲያ ከሆነ አንድ በሬ ይበቃ እንደሆን በምን እንወቅ?»

ፖስተሩን ላስነሳው አልኳቸው።

«የተጠራ እንግዳማ አይመለስም። ኢንሻአላህ አናፍርም» ብለው ወጡ።

ደጃቸውን አውቀዋለሁ። ከሚያርሱባት ጥማድ ሌላ በሬ የላቸውም።