ወንድ የማይነካው ዲስክ

ጥር 6
ዛሬ ቤት ዋልኩ። ያለፈውን ሳምንት የሰርግ ቪዲዮ ላቀናብር ላፕቶፑን ከፈትኩ... ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ሃርድ ዲስኩ ነው። አጥፍቼ ከፈትኩት። ያው። ያ ረቢ! የጀጎል ሴቶች ሰርግ፣ እስከዛሬ የቀረጽኩት ሁሉ እዚህ ውስጥ ነው። ሌላ ቅጂ የለኝም። ቅጂ ሲበዛ የሚያየው ዓይን ይበዛል ብዬ... አሁን ምን ልሁን?

ጥር 7
ወንድሜ ዓሊዪ፣ "ለአሽረፍ ስጪው፤ አዲስ ዲስክ ላይ ይገለብጥልሻል" ይላል። አሽረፍ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። ጎበዝ ነው፣ አልክድም። ግን ወንድ ነው! ሴቶቹ ፀጉራቸውን ፈተው፣ ወንድ በሌለበት ግቢ ሲጨፍሩ ነው የቀረጽኳቸው። "ዋፋ፣ ወንድ እንዳያየው" አሉኝ፤ "ወላሂ አያየውም" አልኩ። አማና ነው፣ የሰው አደራ።
"ዓይኑን ጨፍኖ ይገልብጠው?" አልኩት። ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ጥር 9
አሽረፍ ሱቅ ሄድኩ። አዲስ ዲስክ ልገዛ ብቻ።
"ላፕቶፑስ? ዓሊዪ ነግሮኛል።"
"ቤት ነው። እኔው እገለብጠዋለሁ።"
ጫት ይዘው የተቀመጡት ሁሉ ሳቁ። አሽረፍም፣
"አንቺ? ብትሳሳቺ ባዶውን ሙሉው ላይ ትገለብጪና ጉድሽ ይፈላል! ደግሞ ምን የሚደበቅ ነገር አለሽ?"
ዲስኩን ገዝቼ ወጣሁ። እዚህ ግን ልበለው፦ ምን አገባህ!

ጥር 10
ሐጃ ዘይነባ መጡ። የአፎቻ ማኅበራችን ትልቅ ናቸው፤ ለሰርጉም ለለቅሶውም ሴቶቹን የሚያሰባስቡት እሳቸው። ወሬው ደርሷቸዋል።
"የጃሚላዬ ሰርግም እዚያ ውስጥ ነው?"
"አዎ..."
ልጃቸው ጃሚላ አምና አረፈች። ስትስቅ የምትታየው እዚያ ብቻ ነው።
"እርስዎ ካሉ ለአሽረፍ ልስጠው?"
"ሞተች ብለሽ ፀጉሯን ለወንድ ልታሳዪ? ከጠፋም ይጥፋ!"
ብለውኝ ወጡ። አይጠፋም። ወላሂ አይጠፋም!

ጥር 11
ኮምፒውተር ለምታስተምረው ጓደኛዬ ለገሊላ ደወልኩ። ፈተና ላይ ናት፣ መምጣት አልቻለችም።
"አንቺው ታደርጊዋለሽ። ፊልሞቹን አንድ በአንድ እየከፈትሽ አታድክሚው፤ ታሟል። ዲስኩን እንዳለ ገልብጪው። ከየት ወደ የት እንደሆነ ብቻ ደጋግመሽ እዪ።"
ደጋግሜ አየሁ። ጀመርኩ። እኩሌታው ላይ መብራት ሄደ። የላፕቶፑ ባትሪ ድሮም ዋጋ የለው... ድርግም!
ዓሊዪ በር ላይ ቆሞ፣ "አላልኩሽም?"
"ውጣልኝ!" አልኩት። እልህ ያዘኝ። መብራት ሲመጣ እንደገና ሀ ብዬ ጀመርኩ። ዲስኩ እንዳይግል ቬንትሌተር አዞርኩበት።

ጥር 12
ተገለበጠ! አልሐምዱሊላህ!
ሐጃ ዘይነባን ጠራሁ። በሩን ዘግተን አየን። ጃሚላ ትጨፍራለች፣ ትስቃለች፣ ድምጿም አለ። አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። ሌላ ቅጂ ሠርቼ በእጃቸው ሰጠኋቸው። ከሴቶቹ ጋር ይሁን፤ ካሁን በኋላ እኔ ብቻዬን አልይዘውም።

ጥር 21
በር ተንኳኳ። አሽረፍ! ላፕቶፕ በሻርፕ ጠቅልሎ ይዟል።
"የሚስቴ ነው፣ እምቢ ብሎ አልከፈት አላት..."
"አንተ ጠጋኝ አይደለህ እንዴ?"
አቀረቀረ። "የእህቶቿ ሰርግ አለበት። ከዋፋ በቀር ማንም አይነካውም አለች።"
ተቀበልኩት። ተከትሎኝ ሊገባ ሲል፣ "አንተ ውጭ ጠብቅ" ብዬ በሩን ዘጋሁት።