ወደ አብዱረሕማን የሚያደላው ማውስ

ግንቦት 6
የገንዳ ውሃ ከተማ ሙቀት ከጧቱ ጀምሮ አይቻልም። የመሬት ቢሮውን ኮምፒውተር ሁሉ ሊኑክስ ወደሚባል ሲስተም ቀየሩት... ቫይረስ አይነካውም አሉ። ይሁን። ማውሱ ግን ምን ነካው? ገና ስነካው ስክሪኑን አቋርጦ ይሄዳል። ስክሪኑ ካርታ ላይ የአንድ ማሳ ጥግ ለመያዝ ግማሽ ቀን ፈጀሁ። በብዕር ካርታ ስስል እንዲህ ተቸግሬ አላውቅም።

ግንቦት 7
ሲስተሙን የጫነችው የኮምፒውተር ባለሙያዋ ውባንች ናት። ሴቲንግ ውስጥ ገብታ የማውሱን ፍጥነት እስከ መጨረሻው ዝቅ አደረገችልኝ። "አሁንስ ጋሼ?" ደህና ነው አልኳት። ደህና አልነበረም።

ግንቦት 10
ከዚያም በታች የሚያዘገየው ትእዛዝ አለ ብላ በወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ። ኮምፒውተሩ በጠፋ ቁጥር ይረሳዋል። ዛሬ መብራቱ ሲሄድ ሲመጣ ዋለ፤ እኔም ያንኑ ስጽፍ ዋልኩ። አንድ ፊደል ከተሳሳተ እምቢ ይላል። ግትር!

ግንቦት 13
ባየልኝና አብዱረሕማን መጡ። ሽንፋ መንገድ ላይ ማሳቸው ይዋሰናል። ወሰን ሲስተካከል ሁለቱም ከኋላዬ ቆመው ማየት አለባቸው፣ ደንባችን ነው። የሰሊጥ መሬት ሊያርሱ ትራክተር ተከራይተዋል።

ጥጉን ይዤ ስጎትት ሸርተት አለና መስመሩ የባየልኝ ማሳ ውስጥ ገባ። መለስኩት። ደግሞ ገባ። ደግሞ...

"ጋሽ አለነ፣ እጅዎ ወደሱ ያደላል" አለ ባየልኝ።

"ማውሱ ነው።"

"ማውሱ አብዱረሕማንን በምን አወቀው?"

አብዱረሕማን ደግሞ "ወላሂ ምንም አልሰጠሁም" ብሎ ማለ። ማን ጠየቀው? መሐላው ነገሩን አባሰው። ተኮራርፈው ወጡ።

ይህን ያህል ዘመን ወሰን ሳካልል በዚህ የጠረጠረኝ የለም። ራቴን አልበላሁም።

ግንቦት 15
ማውስ ቀየርኩ። ያው። ጠረጴዛ ቀየርኩ። ያው። በንዴት ውባንችን ጠራሁ። "ነይ፣ አንቺው እይው!"

ወንበሬ ላይ ተቀምጣ፣ በዚያው ማውስ፣ በዚያው ፍጥነት፣ መስመሩን ቀጥ አድርጋ ሳበችው። ከዚያ እጄን እያየች "ጋሼ፣ ሻይ ሲይዙም እኮ..." አለች። አልጨረሰችውም።

ብርጭቆዬን በግማሽ የማስቀዳው ለምን ነበር? ከመቼ ጀምሮ? ሙቀቱ ነው ስል...

ግንቦት 16
ብናገር ከወንበሬ ያነሱኝ ይሆናል። ዝም ብል ሁለቱ ማሳው ላይ ይጋጫሉ። ትራክተሩ ሰኞ ይገባል አሉ። ፈራሁ።

ግንቦት 17
አስጠራኋቸው። "ለማንም አላደላሁም። እጄ ይንቀጠቀጣል" ብዬ ዘርግቼ አሳየኋቸው። አፈርኩ። ባየልኝ አቀረቀረ።

"ምነው ቀድመው በነገሩን ጋሼ..." አለ።

ምን ብዬ? እኔም ያወቅሁት ከትናንት ወዲያ ነው።

ውባንች ማውሱን ያዘች። እኔ ከጎኗ ሆኜ የወሰኑ ድንጋይ የት እንዳለ፣ መስመሩ በየት እንደሚወርድ ነገርኳት። ሁለቱም አይተው ተስማሙ። ሲወጡ አብረው ነበሩ።

ሐሙስ ጎንደር ሐኪም ዘንድ እሄዳለሁ።

ወደ ማታ ውባንች "ይሄ ማውስ ግን ዘገየብኝ" አለች። ሴቲንጉ ውስጥ ገብቼ ፍጥነቱን ራሴ መለስኩላት።