ከመንግሥት ዋጋ በታች

ውድ ሐምዳን፣

የምጽፍልህ ከአሶሳ፣ አብረን ከሠራንበት ቢሮ ሆኜ ነው። ወንበርህ ላይ እስካሁን ማንም አልተቀመጠም፤ የመንግሥት ደሞዝ መሐንዲስ እንደማያቆይ አንተው ታውቃለህ። ሰሞኑን በደወልኩ ቁጥር "ስብሰባ ላይ ነኝ" ስትለኝ ጊዜ ወደ ወረቀት ዞርኩ። ነገ ወደ አዲስ አበባ በአውሮፕላን በሚመጣ ሰው እልከዋለሁ። እንደደረሰህ አንብበው፣ አታሳድረው።

ነገሩ የሰፈራችሁ ድልድይ ነው። ወረዳው ግንባታውን የሚቆጣጠር ሲፈልግ የእኛን የመንግሥት ቢሮና አንተ የሄድክበትን የግል ድርጅት ዋጋ አወዳደረ። የእናንተ ከእኛ በታች ሆኖ ተገኘ። ኮሚቴው ደስ አለው፣ እኔ ግን ደነገጥኩ። የእኛ ዋጋ የሚረክሰው ደሞዛችንንም መኪናችንንም መንግሥት ስለሚችልልን ነው። የግል ድርጅት ሁሉን የሚሸፍነው ከዚያችው ክፍያ ነው። ታዲያ ከእኛ በታች ከወረደ የጎደለ ነገር አለ ማለት ነው። "ምኑ ጎደለ?" ብዬ ብጠይቅ ሰብሳቢው አቶ የሻው ገበያችንን ስለተነጠቅን እንደተቃጠልኩ አድርገው ሳቁብኝ። ሌላውም ተከትሎ ሳቀ።

የጎደልከው አንተ ነህ፣ ሐምዳን። ሥራው ላይ የሚውል መሐንዲስ አላስቀመጣችሁም። የሥራ ተቋራጩ ፎርማን ደባልቄ በቴሌግራም ፎቶ ይልክልሃል፣ አንተ አዲስ አበባ ቁጭ ብለህ "ቀጥል" ትለዋለህ። እዚያው የሚውል ሰው ቢኖር ኮንክሪቱ ሳይጠነክር የቀርከሃ ድጋፉ ባልተነሳ ነበር። ደባልቄ ቀርከሃውን ቶንጎ ላለው ሌላ ሥራ ፈልጎት ነቅሎ ወሰደው። ላንተ የላከው ፎቶ ከላይ የተነሳ ነው። ከላይማ በጣም ያምራል።

እኔ በባጃጅ ሄጄ ከሥሩ ገባሁ። ሶሌታው፣ የድልድዩ የኮንክሪት ወለል፣ መሃሉ ላይ ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል፣ ወደ ታችም ረግቧል። መጀመሪያ ሳየው ስንጥቁ ጥፍሬን አያስገባም ነበር፤ ባለፈው ሳምንት አስገባ። ስነግርህ "ጤናዬ፣ የማይሰነጠቅ ኮንክሪት የለም" አልከኝ። ስንቱን ሶሌታ አብረን አስሞልተን ይህን ለእኔ ትላለህ? ተናደድኩ፣ አልደብቅህም። ከንዴቴ ይልቅ ግን ፍርሃቴ ባሰ።

ወረዳ ሄጄም ጮህኩ። አቶ የሻው ማስቆም የሚችለው ውል ያለው አማካሪ፣ ማለትም የእናንተ ድርጅት፣ ብቻ ነው አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ የእኔ ቃል እዚያ ቦታ የለውም። እስካሁን ድልድዩ ላይ ከሞተር ሳይክል በቀር የወጣ የለም። ሐሙስ ሲመረቅ ግን አይሱዙ የሰፈሩን ሽማግሌዎች ጭኖ ይሻገራል። ጋቢና የሚቀመጡት ማን እንደሆኑ ታውቃለህ? እናትህ ናቸው። ሰፈሩ "የመሐንዲሱ እናት ትቅደም" ብሎ ወስኗል። ወንዙ በሰሞኑ ዝናብ ሞልቷል፣ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል።

ትናንት እናትህ እማማ ነዕማ ለምረቃው ሊጠሩኝ ቢሮዬ ድረስ መጡ። ለሐሙስ ብለው አዲስ ልብስ ገዝተዋል። እጃቸውን ይዤ እንዳይሳፈሩ ለመንኳቸው፣ ስንጥቁንም ነገርኳቸው። ሰምተውኝ ሲያበቁ በዚያች በተሰባበረች አማርኛቸው እንዲህ አሉኝ፦

"ጤናዬ፣ አንተም ልጄ ነው። ግን ሐምዳን ሠርቶ፣ እኔ ፈርቶ ይቀራል? ሰው ምን ይላል? እሱ ይደውል፣ 'እናቴ ቅሪ' ይበል፣ እኔ ይቀራል። ወላሂ ይቀራል።"

ሳይቃጠል በቅጠል ነው፣ ወንድሜ። ድልድዩ እንዲዘጋ ዛሬውኑ ለወረዳው ጻፍ። ድጋፉ ይመለስ፣ ሶሌታውም ይፈተሽ። ስምህ ይጎዳ ይሆናል፣ ድርጅትህም ይቆጣ ይሆናል። ይቆጣ።

ይህ ካልሆነልህ ለእኔ መልስ አትስጠኝ። ሐሙስ ጠዋት ለእናትህ ደውል። ስልኩን ድምፁን ከፍቼ እይዝላቸዋለሁ። በገዛ አፍህ "እናቴ፣ ተሻገሪ" በላቸው። ካልካቸው እኔም ከጎናቸው እሳፈራለሁ።

ጤናዬ