ሳይቀደድ የሄደው ደብዳቤ

ለምወድሽ የልጄ ልጅ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? እኔ ከጉልበቴና ከኮምፒውተር በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴስ ቢሆን ሲለምኑት ይሰማል።

የሰኞውን ኢሜይል አንብበሽው ከሆነ፣ ይሄን ወረቀት ሳትጥዪው እስከ መጨረሻው ታገሺኝ። ካላነበብሽው ደግሞ፣ በሞቴ፣ አትክፈቺው።

ሠርግሽ ላይ በአባትሽ ቦታ እንድቆምልሽ ጽፈሽ ስትጠይቂኝ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ለሽማግሌዎች የሚሰጠውን የኢሜይል ትምህርት ከጀመርኩ ሁለት ሳምንቴ ነበር። ገና በመጀመሪያው ቀን ከማሽኑ ጋር ተጣልተናል። የይለፍ ቃል አምጣ ሲለኝ የአያትሽን ስም ሰጠሁት፤ «ደካማ ነው» አለኝ። ነፍሷን ይማርና፣ እሷን በቁሟ ደካማ ብሎ በሰላም የገባ ሰው አላውቅም!

ታውቂኛለሽ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት የፖስታ ቤት መስኮት ላይ ኖሬያለሁ። ተናዶ የጻፈውን ይዞ ለሚመጣ ደንበኛ «ቴምብር አልቋል፣ ነገ ይምጡ» እያልኩ ስንቱን ትዳር አትርፌያለሁ። የራሴንም የንዴት ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ አሳድሬ ጠዋት እቀድደዋለሁ። አስተማሪዋ ኢሜይልም መሳቢያ አለው፣ ረቂቅ ይባላል ስትለኝ ጊዜ፣ ይሄስ ደህና ነው አልኩ።

ስለዚህ ሁለት መልስ ጻፍኩልሽ። የመጀመሪያው የንዴት ነው፤ ሳታማክሪኝ ፀጉር አስተካካይ ልታገቢ ነው ብዬ «ስትመርጪ ካላስፈለግሁሽ፣ ስትዳሪም አላስፈልግሽም» አልኩ። ሌላም ብዙ አለው። በማግስቱ ሁለተኛውን ጻፍኩ፤ አንድ መስመር ነው፦ «እቆምልሻለሁ፣ ልጄ።» ሁለቱንም «ለልጄ» ብዬ ሰየምኳቸው።

የፊተኛውን መደምሰስ ነበረብኝ። ግን ምን ልዋሽሽ፣ ስድቡ አምሮልኝ ነበር። ሰኞ ከፈትኩት፣ አንዲት ቃል አሳመርኩ፣ ለብቻዬ ሳቅሁና ዘጋሁት። ይሄ እርጉም ማሽን ለካ መጨረሻ የተነካውን ከላይ ያስቀምጣል! እኔ ምኑን አውቄ? ከላይ ያለው የኋለኛው ነው ብዬ፣ ሳላነብ፣ «ላክ» የሚለውን ተጫንኩት።

አስተማሪዋን መልሺልኝ ብላት «ከሄደ አይመለስም፣ አባባ» አለችኝ። የቱ ፖስታ ቤት ነው እንዲህ የሚሠራው! በእኔ ጊዜ ሰው እያለቀሰ ሲመጣ፣ ደንቡ ባይፈቅድም፣ የፖስታው ከረጢት ካልታሰረ ደብዳቤውን ፈልጌ እሰጠው ነበር። እዚህ የሚለመን ሰው እንኳ የለም። ሁለተኛውን አሁኑኑ ይላኩት አለችኝ፤ እንቢ አልኩ። ስድብ በገባበት በር ይቅርታ ተከትሎት አይገባም።

አራት ጊዜ ደወልኩልሽ። ሙሽራ ሥራ ይበዛባታል፣ አውቃለሁ። ትናንት አንዴ ጠርቶ ተዘጋ። ኔትወርክ ይሆናል።

ይቅር በይኝ። ሰውየው ምን አደረገኝ? አባትሽ ከሞተ ወዲህ ያን ፀጉርሽን እያጣመምኩም ቢሆን ስጎነጉን የኖርኩት እኔ ነኝ። አሁን የሚያውቅበት መጣ።

ትዳርሽ ይስመር፣ ቤትሽ ሳቅ አይጣ፣ ክፉ አይንካሽ። የመጪው ሳምንት ሐሙስ በመጀመሪያው አውቶቡስ እመጣለሁ። በሩን ካልከፈትሽልኝ ደረጃው ላይ እቀመጣለሁ። ጎረቤቶችሽ ማን ነዎት ቢሉኝ፣ የሙሽራዋ አባት ነኝ፣ ተቆጥታኝ ነው እላቸዋለሁ።

ምላሱ የረዘመው አያትሽ